በሲቪላይዜሽን ጌም ያለ ጦርነት ማሸነፍ፦ ምኒልክን ይዘን የዲፕሎማሲ ድል ስናሳድድ

ጎንደር ውስጥ ጌም ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥንና የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ጆይስቲክ የማይፈልግ፣ ጩኸት የሌለው፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ጌም ነው። ሲቪላይዜሽን 6 ይባላል። በዚህ ጌም ከባድ ሽንፈት ደርሶብናል፤ የተሸነፍንበት መንገድ ደግሞ ለሰው የሚነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማራኪ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ክፍል ውስጥ አራት ሆነን፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አጼ ምኒልክን ይዘን እንጫወታለን። ጦራችን ከሁሉም የበለጠ ነበር። የሁለት ጎረቤቶቻችንን ዋና ከተማ ይዘናል። የቀረን ሦስተኛውን መውጋት ነው ብለን ሠራዊቱን ድንበር ላይ አሰለፍን። ተራውን አሳለፍን። ስክሪኑ ተቀየረና ጨዋታው ማለቁን ነገረን፤ አሸናፊዋ ካናዳ ናት። ካናዳ! ከዓለሙ ጥግ ተቀምጣ አንድ ጥይት ያልተኮሰች፣ እኛም ትዝ ብላን የማታውቅ አገር። «የዲፕሎማሲ ድል» ይላል ጽሑፉ።

ከመካከላችን አንዱ «ይሄ የፈሪ ድል ነው» ብሎ ላፕቶፑን ሊዘጋው ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እንዲሁ ነበር ያሰብነው። ፉከራና ቀረርቶ እየሰማ ላደገ የጎንደር ልጅ በድምፅ ብልጫ መሸነፍ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ክረምቱን ሙሉ ይህንን ድል ስናጠና ከረምን። ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ ለማያውቁት። ሲቪላይዜሽን በየተራ የሚጫወቱት ጌም ነው። እናንተ ትጫወታላችሁ፣ ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ ሌላው ይጫወታል፤ እንደ ገበጣ ማለት ነው። ከአንድ ሰፋሪና ከአንድ ተዋጊ ተነስታችሁ መንደር ትመሠርታላችሁ፤ መንደሩ ከተማ፣ ከተማው መንግሥት ይሆናል፤ ከድንጋይ ዘመን ተነስታችሁ እስከ ሮኬት ትደርሳላችሁ። የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ሲሆን የሲድ ሜየር ሥራ ነው። በዚያኛው ማሸነፍ የሚቻለው ሁሉንም ደምስሶ ወይም መንኮራኩር ወደ ጠፈር ልኮ ነበር። የዲፕሎማሲ ድል የገባው በ2001 በወጣው በሦስተኛው ክፍል ነው፤ የተባበሩት መንግሥታትን ትገነባና ምርጫ ታካሂዳለህ። በስድስተኛው ክፍል ደግሞ ይህ ድል መሠረታዊው ጌም ላይ የለም፤ በ2019 የወጣው «ጋዘሪንግ ስቶርም» የሚባለው ተጨማሪ ያስፈልጋል። ይህን የምንለው ፍላሽ ይዛችሁ ከጓደኛ ስትገለብጡ መሠረታዊውን ብቻ ወስዳችሁ ድሉን ስትፈልጉ እንዳትውሉ ነው። እኛ ሁለት ቀን ፈልገነዋል።

ኢትዮጵያም በራሷ ጥቅል ለብቻዋ ነው የመጣችው፤ ሐምሌ 2012 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት በአምስተኛው ክፍል አጼ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ መሪው፤ በስድስተኛው ምኒልክ ሆኑ። ሁለቱም በአማርኛ ነው የሚናገሩት። የኢትዮጵያ ከተሞች ስም ዝርዝር ውስጥ ጎንደርም አለች፤ የመጀመሪያ ቀን ከተማ ስንመሠርት ስሟ ብቅ ሲል የጮህነውን ጩኸት ጎረቤት ይመስክር። ራስ ዳሽን ግን የለም። ኪሊማንጃሮን አስገብተው ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነውን የእኛን ተራራ መተዋቸው እስካሁን አልተዋጠልንም።

ታዲያ የዲፕሎማሲ ድል ምንድን ነው? ባጭሩ 20 ነጥብ መሰብሰብ ነው። ነጥቡ በዋናነት የሚገኘው ከዓለም ጉባኤ ነው። ጉባኤው ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በተለመደው ፍጥነት በየ30 ተራው ይሰበሰባል። የውሳኔ ሐሳቦች ይቀርባሉ፤ ለምሳሌ የአንድን ሸቀጥ ጥቅም እንጨምር ወይስ እናግድ ይባላል፤ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል። የደገፋችሁት ውሳኔ ካለፈ ነጥብ ታገኛላችሁ። ልብ በሉ፤ ነጥቡ የሚሰጠው ትክክል ለሆነ ሳይሆን ካሸነፈው ጋር ለቆመ ነው። ይሄ መጀመሪያ ላይ አናዶን ነበር።

ድምፅ የሚገዛው ደግሞ በብር አይደለም። እንግሊዝኛው «ዲፕሎማቲክ ፌቨር» ይለዋል። ጌሙ በአማርኛ ስላልተተረጎመ እኛ የራሳችንን ስም አወጣንለት፦ ውለታ። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለው ይንገረን። የመጀመሪያዋ ድምፅ በነጻ ናት። ሁለተኛዋ 10 ውለታ ታስከፍላለች፣ ሦስተኛዋ 20፣ አራተኛዋ 30፣ እያለ ይወጣል። ስለዚህ አራት ድምፅ ለመስጠት 60 ውለታ፣ ስምንት ድምፅ ለመስጠት 280 ውለታ ያስፈልጋል። ውለታ ከየት ይመጣል? ከመንግሥታችሁ ዓይነት፣ ከተጣመራችኋቸው አገሮችና የበላይ ጠባቂ ከሆናችሁላቸው ትናንሽ ከተማ-መንግሥታት በየተራው ይንጠባጠባል። ከሌሎች መሪዎችም በወርቅ መግዛት ይቻላል። (አዎ፣ ውለታ ይሸጣል። ከሕይወት የራቀ አይደለም።)

የሚያፈሰው ነገር ነው ዋናው። የሌላውን ዋና ከተማ ይዛችሁ ከተቀመጣችሁ ለእያንዳንዱ በየተራው 5 ውለታ ይቀነስባችኋል። እኛ ሁለት ይዘን ነበር። 10 በተራ ማለት በሁለት ጉባኤዎች መካከል ባሉት 30 ተራዎች 300 ነው። ቅድም ያሰላነውን አስታውሱ፤ 280 ውለታ ስምንት ድምፅ ነው። ጦራችን እየፎከረ ድንበር ላይ ቆሞ ሳለ፣ እኛ ሳናውቀው በየጉባኤው ስምንት ድምፅ የሚያህል ስናፈስ ነበር። ካናዳ ደግሞ በዚያው ጊዜ ስትሰበስብ። የድንጋይ ከሰል እየማገዱ አየሩን መበከልም ውለታ ያስቀንሳል፤ እሱንም አላወቅንም ነበር።

ሁለተኛው ማፍሰሻ ቂም ነው። እንግሊዝኛው «ግሪቫንስ» የሚለውን እኛ ቂም አልነው። ሳታስጠነቅቁ ጦርነት ብታውጁ፣ ከተማ ብትይዙ፣ የገባችሁትን ቃል ብታፈርሱ በቁጥር እየተመዘገበ ይቀመጣል። የተበደለው ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ያዩታል። ጊዜ ሲያልፍ ይቀንሳል፤ ግን በዝግታ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ? ጌሙ ይህንን በሂሳብ ነው የሠራው። ከመካከላችን አንዱ የጃን አሞራ ልጅ ነው፤ የቂሙን ሰንጠረዥ ሲያይ «ይሄማ ደም ነው» አለ። በሰሜን ተራሮች አካባቢ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦች እንዴት እንደሚኖሩ የሚያውቅ ይገባዋል። አንዱ ገበያ ሲሄድ ሌላው ይቀራል፣ ለቅሶ አብረው አይደርሱም፣ እርሻው ጦም ያድራል። ሽማግሌዎቹ አንድ ቀን ሄደው አይፈቱትም፤ ይመላለሳሉ፣ ይለምናሉ፣ ጉማ ይቆረጣል፣ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ዋጋው ከባድ ስለሆነ ነው ሰው ደም እንዳይገባ የሚጠነቀቀው። ጌሙ ላይ ሽማግሌ የለም፤ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በየ30 ተራው የሚመጣውን ጉባኤ አይጠብቅላችሁም።

እዚህ ላይ ጌሙን ትንሽ አቁመን ወደ እውነተኛው ሰው እንምጣ። ይህን ክፍል ስናጠና ደጋግሞ ወደ አእምሯችን የመጣው አጼ ቴዎድሮስ ናቸውና።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በጦረኝነታቸው ነው። አነሳሳቸው ግን በጦር ብቻ አልነበረም። የቋራው ካሣ ገና ንጉሥ ሳይሆኑ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ እሳቸው በሃይማኖት ክርክር የአቡኑን ወገን ሊያጸኑ፣ አቡኑ ደግሞ ከካሣ ጋር ሊቆሙ። አቡነ ሰላማን ከግብጽ ያስመጡት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩትም ራሳቸው ሊነግሡባት ነው ይባላል። የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ውቤን እዚያው ደረስጌ ላይ አሸነፉና በውቤ ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። በጌሙ ቋንቋ ብንናገር ከጦርነቱ በፊት ድምፁን ወስደውት ነበር። ደረስጌ ዛሬም ጃን አሞራ ውስጥ አለች፤ መንገዱ አስቸጋሪ ቢሆንም ለሄደ የምትታይ ናት።

ከዚያስ? ጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት እንደሚፈልጉ፣ መልእክተኞች ሊልኩ እንዳሰቡ፣ ቱርኮች መንገድ እንደዘጉባቸው የሚገልጽ ነበር። ደብዳቤው በቆንስል ካሜሮን በኩል ሄደ። ለንደን ደረሰ። መልስ አልተሰጠበትም፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀረ። ካሜሮን ደግሞ ያለ መልስ፣ ይባስ ብሎ በግብጽ ይዞታ ሥር የነበረችውን ከሰላን ዞሮ ተመለሰ። ቴዎድሮስ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሰሩት። በኋላ ሆርሙዝ ራሳም መልስ ይዞ በ1858 ሲመጣ በደንብ ተቀበሉት፤ ትንሽ ቆይተው እሱም ታሰረ።

ደብዳቤን ሳይመልሱ ማስቀመጥ ንቀት ነው፤ በዚህ ላይ ከንጉሡ ጋር ነን። ግን ቂሙ በማን ስም ተመዘገበ? መልእክተኛ ያሰረው ነው ወንጀለኛ የሆነው፤ ደብዳቤ ያልመለሰውማ ተረሳ። በጌሙም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ማን ልቡ እንደቆሰለ ሳይሆን ማን የሚታየውን በደል እንደፈጸመ ነው።

ሌላው ደግሞ በአገር ውስጥ የነበረው ነው። ከቀሳውስቱ ጋር በመሬት፣ ከመኳንንቱ ጋር በሥልጣን፣ ከገበሬው ጋር በሠራዊት ቀለብ ተጣልተዋል። ጎንደር ራሷ በ1857 ተዘርፋ በ1859 ደግሞ ተቃጥላለች፤ ያውም በንጉሧ እጅ። ይህንን እኛ ጎንደሬዎች ቴዎድሮስን እየወደድን፣ ከንፈር እየመጠጥን የምናልፈው ታሪክ ነው። ስለዚህ ጄኔራል ናፒየር ወደ 13,000 የሚጠጋ ጦርና ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ሲወርድ፣ ከባሕሩ እስከ መቅደላ ያለውን ያን ሁሉ ተራራ ያለ ትልቅ ውጊያ አለፈ። እንዴት? መንገድ ላይ ያሉት ባላባቶች ስላሳለፉት ነዋ። የትግራዩ ካሣ ምርጫ ናፒየርን አነጋግረው አሳለፉት፤ ጦሩ ሲመለስ መድፍና ጠመንጃ ተሰጣቸው፤ ጥቂት ቆይተው አጼ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ትልቁን ሴባስቶፖልን በዚያ ገደል አስጎትተው መቅደላ አወጡት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ግን ከጎናቸው የነበረው ጥቂት ሺህ ሰው ነው። መድፍ ነበራቸው። ያጡት ወዳጅ ነው።

«የፈሪ ድል» ያለው ጓደኛችን ይህንን ስንጨቃጨቅበት ካመሸን በኋላ «ካሣ ምርጫ ፈሪ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ራሱ ጠየቀ። መልስ አላስፈለገውም። ዮሐንስ ጉንደትና ጉራ ላይ የሠሩትን ሁሉም ያውቃል።

እሺ፣ ወደ ጌሙ። ምኒልክን ይዛችሁ ይህን ድል እንዴት ትደርሱበታላችሁ?

ኢትዮጵያ በጌሙ ተራራ ወዳድ ናት። ኮረብታ ላይ የተመሠረተ ከተማ ከሚያመነጨው እምነት 15 በመቶ የሚያህል ሳይንስና እንደዚሁ ባህል ይጨመርለታል። ኮረብታ ላይ የሚዋጋ ሠራዊታችሁም ብርታት ያገኛል። ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ትችላላችሁ፤ በአጠገቡ ተራራና ኮረብታ በበዛ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል። ስለዚህ ሜዳ አትፈልጉ፤ እንደ ደባርቅና ዳባት ያለ ቦታ ፈልጉና ስፈሩ። (ምኒልክን ኮምፒውተሩ ሲይዛቸው ደግሞ ሌላ ሰው ኮረብታ ላይ ሲሰፍር አይወዱም። ሳቅን።) ሁለት ሦስት ጥሩ ከተማ ካላችሁ፣ የጎረቤት መሬት ሳትነኩ በሳይንስም በባህልም እኩል መራመድ ትችላላችሁ። ለዲፕሎማሲ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ቂም ሳይገባ ማደግ።

ከዚያ መልእክተኞች። አዲስ አገር ባገኛችሁ ቀን ወዲያው ልዑክ ላኩ፤ 25 ወርቅ ነው፤ ቆይታችሁ ስትጠይቁ እምቢ ሊሏችሁ ይችላሉ። ከተማ-መንግሥትን ቀድሞ ያገኘ አንድ መልእክተኛ በነጻ ያገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ቃፊራችሁን ቤት አታስቀምጡት፤ አዙሩት። ከተማ-መንግሥታቱ ትንንሽ ሥራ ያዛሉ፤ ይህን ምርምር ጨርስልን፣ የንግድ መስመር ላክልን ይላሉ፤ ስትፈጽሙ ሌላ መልእክተኛ ይጨመራል። ሦስት ደርሳችሁ ከሌላው ከበለጣችሁ የበላይ ጠባቂ ናችሁ፤ ውለታው መንጠባጠብ ይጀምራል። አማኒ የምትባለዋን አስተዳዳሪ አንዱ ጋ ብታስቀምጧት እንደ ሁለት መልእክተኛ ትቆጠራለች። ከኢትዮጵያ ጥቅል ጋር አብሮ የመጣው የዲፕሎማሲ ሰፈርም ቆንስላና ጽሕፈት ቤት ተሠርቶበት ይህንኑ ያፋጥናል። የኢትዮጵያን ጥቅል ሲያወጡ ይህን ሰፈር አብረው ማውጣታቸው በአጋጣሚ ነው ብለን አናምንም፤ አዲስ አበባን ያየ ይገባዋል።

መልእክተኛ መላክ ለጎንደርም አዲስ አይደለም። አጼ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ ኢየሱሳውያኑን ገና ማባረራቸው ነበር። ብዙዎቻችን የተማርነው «በሩን ዘጉት» ተብሎ ነው። ግማሽ እውነት ነው። ወደ አውሮፓ የዘጉትን በር ወደ ምሥራቅ ከፈቱት። ከየመኑ ኢማም ጋር ተጻጻፉ፤ የኢማሙ መልእክተኛ አል-ሐይሚ ጎንደር ድረስ መጥቶ ያየውን ጽፎ ሄዷል። ከምጽዋና ከሱዋኪን ፓሻዎች ጋር ተስማምተው ሚስዮናውያኑ በዚያ በኩል እንዳይገቡ አደረጉ። ኾጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ለእሳቸውም፣ ከእሳቸው በኋላ ለነገሡትም እየተላከ ሕንድ ድረስ፣ ሆላንዶች ይዘዋት እስከነበረችው ባታቪያ ድረስ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ ተመላልሷል። ከጎንደር እስከ ጃካርታ፣ በመርከብና በበቅሎ! ሁለት መስኮት ዘግተው አራት ከፈቱ እንበል። ጌሙ ላይም ከአንድ ኃይለኛ ጋር የተጣላ ሰው የሚድነው እንዲሁ ነው።

ግንባታውን ደግሞ ቀድማችሁ አስቡበት። ከ20ው ነጥብ 7ቱ ከሦስት ድንቅ ሥራዎች ይገኛል። ማሃቦዲ ቤተ መቅደስ 2 ይሰጣል፤ ሃይማኖት መመሥረት ይጠይቃል፣ ጫካ ላይና ከተቀደሰ ሰፈር አጠገብ ነው የሚሠራው። እምነት ለሞላት ኢትዮጵያ ቀላል ነው። ፖታላ ቤተ መንግሥት 1 ይሰጣል፤ ከተራራ አጠገብ ያለ ኮረብታ ይፈልጋል፤ ይሄማ ለእኛ የተሠራ ነው። ትልቁ የነጻነት ሐውልት ነው፤ ብቻውን 4። እሱ ግን ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ከወደብ አጠገብ ካልሆነ አይሠራም። ተራራ ለተራራ ስንሰፍር ቆይተን በስተመጨረሻ ወደብ የለንም። የሚያሳዝነው ይህ የደረሰብን ጌም ላይ መሆኑ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰፋሪ ቀደም ብላችሁ፣ ሰው ሳይይዘው፣ ወደ ባሕር ላኩ። በኋላ በጦር እንውሰደው ካላችሁ ቂሙ ተመልሶ መጣ።

መጨረሻ አካባቢ ካሉት ምርምሮች አንዱና ከባህል ዛፉ አንዱ እያንዳንዳቸው 1 ይሰጣሉ። 9 ሆነ። የቀረው 11 ከጉባኤ ድምፅና ከውድድሮች ነው። ውድድር ስንል ጎርፍ ወይም እሳተ ገሞራ የመታው አገር እርዳታ ሲጠይቅ የበለጠ የረዳ ነጥብ ያገኛል። እዚህ ላይ ወርቅ አትሰስቱ። ለጎረቤት የሚላክ እርዳታ ከጦር በጀት ቢነሳ ይሻላል፤ ሁለቱንም ሞክረነዋል።

ጉባኤው ሲሰበሰብ ደግሞ ልባችሁን ሳይሆን ዐይናችሁን ተጠቀሙ። ሌሎቹ ምን ይመርጣሉ? ሁሉም የሚጠላው መሪ አለ? የሚቀጣው እሱ ነው። ከብዙኃኑ ጋር በአንዲት ነጻ ድምፅ ከቆማችሁ ነጥቡ ይገኛል፤ ውለታችሁን የምታፈሱት አከራካሪው ላይ ነው።

ይህ አሠራር ያስቀየመን ያለ ምክንያት አይደለም። የዚች አገር ሰው የዓለም ጉባኤን በመልካም አያስታውሰውም። ኢትዮጵያ መስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በ1928 መስከረም ጣልያን ወረረ። ማኅበሩ ጣልያንን ጥፋተኛ ብሎ በኅዳር ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም፣ የስዊዝ ቦይም ለጣልያን መርከብ ክፍት ነበር። መጋቢት ላይ የጣልያን ጦር ጎንደር ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኩ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሳ። ከእኛ ጋር ተመሳሳይ ቃል ፈርመው የነበሩ አገሮች ድምፃቸውን ያሸነፈ ወደመሰላቸው አዞሩት። ልክ እንደ ጌሙ።

ግን ደግሞ ያ ንግግር ከንቱ አልቀረም። ወረራውን ፈጽሞ ያልተቀበሉ ጥቂት አገሮች ነበሩ፤ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ጣልያንም በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻ ይዞታው የሆነችውን ይቺኑ የእኛን ከተማ ኅዳር 1934 አስረክቦ ወጣ፤ ያ የሆነው አርበኛ ለአምስት ዓመት ዱር ስላደረና በመጨረሻ ደግሞ አጋር ስለተገኘ ነው። በ1955 ግንቦት ላይ የ32 አገሮች መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ሲፈርሙ ከዚያ በፊት የካዛብላንካና የሞንሮቪያ ቡድን ተብለው የተከፋፈሉ ነበሩ። ሁለቱን ለማቀራረብ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ብዙ ደክመዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት በጄኔቫ አልሠራም፣ አዲስ አበባ ላይ ሠራ።

አንድ የመጨረሻ ዘዴ እንንገራችሁ፤ ይሄ ካልገባችሁ 18 ላይ ደርሳችሁ ትንገላታላችሁ። በኋለኞቹ ዘመናት ጉባኤው ላይ ለአንድ መሪ 2 ነጥብ የሚጨምር ወይም 2 ነጥብ የሚቀንስ ሐሳብ ይመጣል። ወደ ድል ስትጠጉ ሁሉም ተባብሮ የእናንተን ይቀንሳል። መጀመሪያ ያደረግነው ያለንን ውለታ ሁሉ አፍስሰን ራሳችንን መከላከል ነበር። ተሸነፍን፤ 2 ነጥቡም ሄደ፣ ድምፁም ባከነ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚያደርጉት ግን የሚገርም ነው። ማምለጫ እንደሌለ ካወቃችሁ ራሳችሁ በራሳችሁ ላይ ድምፅ ስጡ። 2 ይቀነሳል፤ ካሸነፈው ውሳኔ ጋር ስለቆማችሁ ግን 1 ይመለሳል። ኪሳራው አንድ ብቻ ሆነ፤ ውለታችሁም ለሌላው ሐሳብ ተረፈ። ጓደኛችን መጀመሪያ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። «በራሴ ላይ?» አለ። አዎ፣ በራስህ ላይ።

ሌላው ብልሃት የነጻነት ሐውልቱን በመጨረሻ መጨረስ ነው። 16 ላይ ሆናችሁ 4 ነጥብ በአንድ ጊዜ ከገባ ጉባኤው ለመቀነስ አይደርስባችሁም።

ስለ መሣሪያ ለጠየቃችሁን፦ ጌሙ አዲስ ላፕቶፕ አይፈልግም፤ የእኛ አራት ጊጋ ራም ነው፣ ወደ መጨረሻ ተራ ማሳለፍ ያዘገያል እንጂ ይሠራል። ስልክ ላይም አለ። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ እዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በየተራው በራሱ እንዲያስቀምጥ ማስተካከሉን ደግሞ አትርሱ፤ መብራት ሲሄድ የምታጡት አንድ ተራ ብቻ ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰባተኛው ክፍል አክሱምን ይዟል፤ የዲፕሎማሲ ድል የሚባለው ግን ለብቻው ስለሌለ እኛ ስድስተኛው ላይ ነን።

ይህን ስንጽፍ አራተኛው ሙከራችን ላይ ደርሰናል። ምኒልክ፣ አምስት ከተማ፣ አራቱ ኮረብታ ላይ፣ አንዷ ባሕር ዳር። የማንም ዋና ከተማ አልያዝንም። 15 ነጥብ አለን። ካናዳ በዚህኛውም አለች፤ 14 ላይ ናት። የነጻነት ሐውልቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ተራ ይቀረዋል፤ ጉባኤው ሊሰበሰብ ደግሞ ስድስት። «የፈሪ ድል» ባዩ ጓደኛችን ትናንት ማታ ሳይነግረን ለካናዳ ልዩ ስጦታ ልኮ ተጣልተናል። ዛሬ መብራት ከመጣ እንቀጥላለን።